ጭስ መውጫ ያጣበት ገበያ

ጭስ መውጫ አያጣም ሲባል ኖሯል። ይህን ተረት የተረተው ሰው ግን በአንድ የገበያ ማዕከል ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሞባይል ጥገና ሱቅ ተከራይቶ የሚያውቅ አይመስልም። አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር በሆነች፣ ሦስቱ ጎኗ በመስታወትና በኮምፔንሳቶ በታጠረች ክፍል ውስጥ ሁለት ጠጋኝ፣ ሁለት ካውያ፣ አንድ የሙቅ አየር ማሽንና "አሁን ይደርሳል" የተባለ አንድ ደንበኛ ተቀምጠዋል። ካውያው ሊዱን በነካ ቁጥር ቀጭን ነጭ ጭስ ይነሣል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ ያለው ደግሞ የጠጋኙ አፍንጫ ነው።

"ጋሼ፣ በሩን ልክፈተው?" ይላል ረዳቱ።

"ተወው፣ ነፋሱ ዕቃዋን ይወስድብኛል" ይላል ባለሱቁ። ውሸት አይደለም። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ የስልክ ክፍል በአንድ የነፋስ ሽውታ ከጠፋች የዕለቱ ትርፍ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በሩ እንደተዘጋ ይቆያል፤ ጭሱም በአፍ "እፍ" እየተባለ ገለል ይደረጋል። እፍ የተባለው ጭስ ሩቅ አይሄድም። ደንበኛው ዘንድ ደርሶ ይመለሳል።

የካውያ ጭስ ለገበያ ገጽ ያነሰ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ነገሩ የጤና ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ነው። ጭሱ ወጪ ነው። በማንም ነጋዴ መዝገብ ላይ ያልተጻፈ፣ የሱቅ ኪራይ ውስጥ ያልተቆጠረ፣ ከደንበኛው ያልተጠየቀ ወጪ ነው። ያልተመዘገበ ወጪ ደግሞ አልተከፈለም ማለት አይደለም። የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። በዚህ ገበያ ከፋዩ አብዛኛውን ጊዜ ካውያውን የያዘው ወጣት ነው።

የሚገርመው መድኃኒቱ ከእጅ የራቀ አለመሆኑ ነው። ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ ማራገቢያ፣ አንድ አዳፕተር፣ ጥቂት ላሜራና አንድ ክንድ የፕላስቲክ ቱቦ ያለው ሰው ጭስ መሳቢያ በግማሽ ቀን ሊሠራ ይችላል። ካውያ መያዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን በየሱቁ አይታይም? ጥያቄው የምህንድስና ሳይሆን የገበያ ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ገበያው የሰፋበት ምክንያት

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያ ላይ የደንበኞቹ ቁጥር ከ80 ሚሊዮን በላይ መድረሱን አስታውቋል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ስልክ ነው ባይባልም፣ የሚበላሸው ስልክ ብዛት ግን ከዚህ መገመት ይቻላል። በሌላ በኩል በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ሲወጣ ሰው አሮጌውን ያስጠግናል። አዲስ ስልክና ጥገና ተተኪ ሸቀጦች ናቸውና የአንዱ መወደድ ለሌላው ገበያ ነው።

ስለዚህ ጥገና ዛሬ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሳይሆን የሥራ መስክ ነው። የሥራ መስክ ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም መስክ ትልቁ ካፒታሉ የሠለጠነ ሰው ነው። የስልክን እናት ሰሌዳ አንብቦ የተቃጠለውን ክፍል የሚለይ፣ ከዚያም ሳይነቀንቅ የሚነቅልና የሚተክል እጅ በሦስት ወር አይገኝም። ይህ እጅ በጭስ ምክንያት ከገበያ ሲወጣ የሚጠፋው የአንድ ሰው ደመወዝ ብቻ አይደለም። በሥልጠናው ላይ የፈሰሰው ዓመትም አብሮ ይጠፋል።

ጭሱ ምን ይዟል?

በገበያው ውስጥ የተለመደው እምነት ጭሱ የእርሳስ ጭስ ነው የሚል ነው። ስሙም ራሱ ሊድ ነውና ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ነገር ግን እርሳስ የሚፈላው በ1,749 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የካውያ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሠራል። 63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ የያዘው የተለመደው ሊድ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል እንጂ አይተንም። ስለዚህ ዓይን የሚያየው ነጭ ጭስ በአመዛኙ እርሳስ አይደለም። ሊዱ እንዲይዝ የሚያግዘው ማጽጃ፣ ማለትም ፍላክሱ ሲቃጠል የሚወጣ ነው።

ፍላክሱ በብዛት የሚሠራው ሮዚን ከሚባል ሙጫ ነው። ሮዚን ፓይን ከተባለው የጥድ ዓይነት ዛፍ የሚገኝ ሲሆን፣ ሽታውም ብዙ ሰው የሚጠላው አይደለም። በየቤቱ ዕጣን ሲጨስ ላደገ አፍንጫ የዛፍ ሙጫ ሽታ የሰላም ሽታ ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። መጥፎ ሽታ ሰውን ያባርራል፤ ደግ ሽታ ግን ያስቀምጣል። የሮዚን ጭስ በሥራ ቦታ አስም ከሚያስይዙ ነገሮች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በዚሁ ስም መዝግቦት አሠሪዎች እንዲቆጣጠሩት ያስገድዳል።

የዚህ አስም ክፉ ጠባይ አንድ ነው። ሰውነት አንዴ ጭሱን "ጠላቴ ነው" ብሎ ከለየ በኋላ ጥቂቷም ትበቃዋለች። ለዓመታት ምንም ያልሆነ ጠጋኝ ከዕለታት አንድ ቀን ደረቱ ይጨመቃል፣ ማታ ያስለዋል፣ በእረፍት ቀን ይሻለዋል፣ ሰኞ ይመለስበታል። ከዚያ በኋላ "በትንሹ ልሥራ" ማለት ላያዋጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ምርጫ ሙያውን መተው ነው።

እርሳሱስ? እርሳሱ አለ፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። በጣት ይመጣል፣ በጉርሻ ይገባል። እጁን ሳይታጠብ ምሳውን የሚቆርስ ጠጋኝ እርሳሱን የሚበላው ከእንጀራው ጋር ነው። በልብሱ ይዞት ቤቱ ሲገባ ደግሞ ለልጆቹ ያካፍላል። ለዚህ መድኃኒቱ ማራገቢያ ሳይሆን ሳሙና ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጭስ መሳቢያ የገዛ ሰው ከእርሳስ ድኛለሁ ብሎ እጁን ሳይታጠብ ከበላ ከሁለት ችግር አንዱን ብቻ ፈትቷል። "እርሳስ የሌለው ሊድ ነው የምጠቀመው" የሚለውም እንዲሁ ነው። የተለመደው እርሳስ አልባ ሊድ የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ ጀምሮ በመሆኑ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፍላክሱም ይጨሳል። እርሳስ አልባ ማለት ጭስ አልባ ማለት አይደለም።

የወተቱ በጀት

በቀለም ቅብ፣ በብየዳና በጥገና ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች ለጭሱ መድኃኒት ብለው የሚይዙት ወተት ነው። "ወተት ይጠጣበታል" የሚባለው ምክር ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ሆኗል። ወተት መልካም ምግብ ነው። ነገር ግን የሚገባው ወደ ሆድ ነው፤ ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አንድ በእጅ የተሠራ ጭስ መሳቢያ ከነቱቦውና ከነአዳፕተሩ 4,000 ብር ፈጀ እንበል። ሁለት ዓመት ቢያገለግልና በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢኖር፣ የቀን ወጪው 6 ብር ከ67 ሳንቲም ነው። ጭሱን ወደ ውጭ ማስወጣት ለማይችል ሰው የማጣሪያ ወጪ ይጨመር፤ በዓመት 6,000 ብር ነው ብንል በቀን 20 ብር ይመጣል። በድምሩ ከ27 ብር በታች ነው። የአዲስ አበባን የወተት ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህ ገንዘብ ግማሽ ሊትር እንኳ እንደማይገዛ ያውቃል። ስለዚህ "አቅም የለንም" የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም። ገንዘቡ እየወጣ ነው፤ የሚወጣው ግን ለማይሠራው ነገር ነው።

የመብራቱም ወጪ ኢምንት ነው። በ12 ቮልት 0.2 አምፔር የሚወስድ ማራገቢያ የሚበላው 2.4 ዋት ብቻ ነው። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም።

የአንድ ስንዝር ሒሳብ

ያም ሆነ ይህ፣ መሣሪያውን መሥራትና በትክክል መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አብዛኛው በእጅ የተሠራ ጭስ መሳቢያ የሚከሽፈው በማራገቢያው ድክመት ሳይሆን በተቀመጠበት ቦታ ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ሻማ ይበቃል። ሻማን ከአንድ ክንድ ርቀት እፍ ብሎ ማጥፋት ይቻላል። ከዚያው ርቀት ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ ማጥፋት ግን አይቻልም። የሚነፋ አየር እንደ ቀስት ይሄዳል፤ የሚሳብ አየር ግን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጥቂት ራቅ ሲል ይደክማል።

ቁጥሩ የሚከተለው ነው። አፉ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ መሳቢያ ማጣሪያ ተገጥሞለት በሰዓት 50 ሜትር ኩብ አየር ቢስብ፣ አፉ ላይ የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ነው። ከአፉ 5 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ወደ 0.38 ይወርዳል። በ10 ሴንቲ ሜትር 0.12 ይሆናል። በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም በአንድ ስንዝር ርቀት፣ 0.03 ብቻ ይቀራል። በእርጋታ የሚነሣን ጭስ ለመያዝ በአየር ማስወጫ ሥራ የሚመከረው ፍጥነት በሰከንድ ከሩብ እስከ ግማሽ ሜትር ነው። ስለዚህ ያው መሣሪያ በ5 ሴንቲ ሜትር ሥራውን ይሠራል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ይሰንፋል፤ በአንድ ስንዝር ላይ ግን ድምፅ ከማሰማት ያለፈ ጥቅም የለውም። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የተቀመጠ ማራገቢያ ጌጥ ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው የአሠራር ምክር ግልጽ ነው። ማራገቢያውን ፊት ለፊት ከመደቀን ይልቅ ቱቦ አስረዝሞ አፉን ወደ ሥራው ማስጠጋት ይሻላል። ቱቦው የሚተጣጠፍ ከሆነ እንደ ሥራው ይንቀሳቀሳል። አፉን ከጠጋኙ በተቃራኒ፣ ከሥራው ጀርባ ጥቂት ከፍ አድርጎ ማቆም ጭሱ ፊት ሳይደርስ እንዲታጠፍ ያደርገዋል። የአፉን ዙሪያ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ በላሜራ ወይም በኮምፔንሳቶ ቢከበብ ከኋላ የሚመጣው የማይጠቅም አየር ስለሚቀንስ፣ ለተመሳሳይ ሥራ የሚያስፈልገው አየር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህ ቁራጭ ላሜራ ያለ ምንም መብራት የሚሠራ ትርፍ ነው።

ባለሱቁ የፈራው ነፋስስ? በሰከንድ ሩብ ሜትር የሚሄድ አየር በእጅ ላይ እንኳ እምብዛም አይታወቅም። ጭስን ያንቀሳቅሳል እንጂ ዕቃ አያነሣም። በር ከፍቶ ነፋስ ከማስገባትና በመሳቢያ ቀስ አድርጎ ከማስወጣት ጠጋኙን የሚስማማው ሁለተኛው ነው።

ዕቃውን ለማግኘትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ምናለሽ ተራ ውስጥ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተፈታ ማራገቢያና ባለቤቱ የተለየው አዳፕተር የማይገኝበት ቀን የለም። ገዢው የሚጠነቀቀው አዳፕተሩ 12 ቮልት መሆኑን፣ አምፔሩም ከማራገቢያው የማያንስ መሆኑን ነው። ከተቻለ ጠፍጣፋውን ማራገቢያ ትቶ አየርን በጎን የሚገፋውን፣ ቀንድ አውጣ የሚመስለውን ዓይነት መፈለግ ይበጃል። ጠፍጣፋው በነጻ አየር ብዙ ይስባል፤ ማጣሪያ ሲደቀንበት ግን ጉልበት ያጥረዋል።

የሥራው ጥራት መለኪያ ደግሞ በየቤቱ አለ። ሰንደል ለኩሶ ካውያው በሚሠራበት ቦታ መያዝ ነው። ጭሱ ታጥፎ ወደ አፉ ከገባ መሣሪያው ይሠራል። ቀጥ ብሎ ወደ አፍንጫ ከወጣ አይሠራም። ይህ ፈተና የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው፤ የሻጭንም ምላስ አይፈልግም።

ጥቁሩ ስፖንጅ

እዚህ ላይ ወደ ተዘጋጀው ገበያ መምጣት ያስፈልጋል። ከውጭ የሚገቡ ትንንሽ ጭስ መሳቢያዎች አሉ። አብዛኞቹ አንድ ማራገቢያና ከፊቱ አንድ ጥቁር ስፖንጅ ናቸው። ስፖንጁ ካርቦን የተነከረ ሲሆን ሽታን በመጠኑ ይቀንሳል። ነገር ግን የካውያ ጭስ ጠጣር ክፍል በአብዛኛው ከአንድ ማይክሮን በታች የሆነ ብናኝ ነው። የስፖንጁ ቀዳዳ በዓይን ይታያል። አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ይህ ማጣሪያ ትንኝን በአውራ ጎዳና በር ለማስቀረት እንደመሞከር መሆኑን ይረዳል። ብናኙን ለመያዝ ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ ያስፈልጋል። ደረጃውን የጠበቀ ሄፓ 0.3 ማይክሮን ከሆነው ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል። ካርቦኑ ከሄፓው በኋላ ጋዙንና ሽታውን ይቀበላል። ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይተካም።

ወጪ ለመቀነስ የምድጃ ከሰል ፈጭቶ መሙላት የሚያምራቸው ይኖራሉ። አያዋጣም። ለማጣሪያ የሚሆነው ካርቦን በልዩ ሁኔታ ተዘጋጅቶ ውስጡ የተቦረቦረ ነው። አንዱ ግራሙ ብቻ ከ500 ሜትር ካሬ በላይ ገጽ አለው። ተራ ከሰል ወደዚህ አይጠጋም፤ ይልቁንም ብናኙ ለሥራው ሌላ ችግር ይሆናል። ስፖንጅ ያለው መሣሪያም የሙቅ አየር ማሽን በሚነፋበት አቅጣጫ ፊት ለፊት መቀመጥ የለበትም፤ ስፖንጅ ይቃጠላል።

ስፖንጁ የሚያሳየው ትልቁ ቁም ነገር ግን የገበያ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ደጉን እንደሚያስወጣው በአሮጌ መኪና ምሳሌ አስረድቷል። በዚህና በተከታዮቹ ሥራዎቹ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። የጭስ መሳቢያ ገበያም ከዚህ የተለየ አይደለም። በስፖንጅ የሠራውና በሄፓ የሠራው ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ሁለቱም ሽታ ይቀንሳሉ። ገዢው ልዩነቱን በዓይኑ ስለማያይ ርካሹን ይወስዳል። በደንብ የሠራው ወጪውን ስለማይመልስ ይተወዋል። ርካሹን የገዛው ደግሞ ጭሱ እንዳለ ሲያየው "ይህ ነገር አይሠራም" ብሎ ይደመድማል። መጥፎው ዕቃ ደጉን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም ያስጠላል።

ለአገር ውስጥ አምራች ክፍተቱ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ዕቃውን ሳይሆን ማስረጃውን የሚሸጥ ሰው ያሸንፋል። ሱቅ ድረስ ይዞ ሄዶ፣ ሰንደል ለኩሶ፣ በደንበኛው ጠረጴዛ ላይ ጭሱ ሲታጠፍ የሚያሳይ፣ ማጣሪያውን በየስንት ጊዜው እየመጣ እንደሚቀይር በወረቀት የሚያስር ነጋዴ ከስፖንጅ ጋር በዋጋ መወዳደር አያስፈልገውም። ትርፉም ከማራገቢያው ሳይሆን በየጊዜው ከሚቀየረው ማጣሪያ ይመጣል።

መውጫው የማን ነው?

ማጣሪያ ሁሉ ሁለተኛ ምርጫ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ጭሱን ወደ ደጅ ማስወጣት ነው። ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ማጣሪያ መቀየርን ያስቀራል፤ ማራገቢያውም የሚደክምበት ነገር አይኖርም። ማራገቢያው ከቱቦው መውጫ ጫፍ ላይ ቢገጠም ደግሞ ቱቦው ቢሰነጠቅ እንኳ ከክፍሉ አየር ይገባበታል እንጂ ጭስ አይወጣበትም። በቪላ ቤት ወይም በመንገድ ዳር ሱቅ ይህ አስቸጋሪ አይደለም።

በገበያ ማዕከል ውስጥ ግን "ደጅ" የሚባለው ኮሪደሩ ነው። ኮሪደሩ ላይ የወጣ ጭስ የጎረቤት ነው። አንዱ ጠጋኝ ሱቁን ባጸዳ ቁጥር የልብስ ሱቁን ያጨሳል። በዚህ ጊዜ ጠቡ ይነሣል፣ ጥበቃው ይጠራል፣ ቱቦው ይነቀላል። የሚያሳዝነው የተነቀለው ጭሱን ለመከላከል የሞከረው ሰው ቱቦ መሆኑ ነው። ዝም ብሎ የሚተነፍሰውን ማንም አይናገረውም።

ሮናልድ ኮዝ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ እንዲህ ያለው ጉዳት በድርድር ሊፈታ እንደሚችል፣ ድርድሩ ራሱ ወጪ ሲኖረው ግን እንደሚከሽፍ አመልክቷል። አርባ ተከራይ ባለበት ፎቅ ላይ አርባ ሰው ስለ አንድ ቱቦ ይስማማል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከአርባዎቹም ጋር ውል ያለው አንድ ሰው ግን አለ፤ እርሱም የሕንፃው ባለቤት ነው። በየፎቁ የሚያልፍ፣ እስከ ጣሪያ የሚወጣ አንድ የጋራ የጭስ መስመር ለመዘርጋት ሥልጣኑም ቦታውም ያለው እርሱ ብቻ ነው። ግንባታ ላይ እያለ የሚተው ባዶ መስመር ካለቀ በኋላ ግድግዳ ከመብሳት እጅግ ይረክሳል። ምግብ ቤት ለሚከራየው ፎቅ የጭስ መውጫ የሚያስብ ባለሕንፃ ለጥገና ፎቅ የማያስብበት ምክንያት የለም።

ባለሀብቱ "ትርፌ ምንድን ነው?" ቢል ይፈቀድለታል። መልሱ ኪራይ ነው። ጠጋኞች እርስ በርስ መጠጋጋትን ይወዳሉ፤ ደንበኛው የሚመጣው ብዙ ሱቅ ወዳለበት ነውና። አንድን ፎቅ የጥገና ፎቅ አድርጎ የጭስ መውጫ፣ በቂ መብራትና የእጅ መታጠቢያ ያሟላ ባለቤት ተከራይ የሚቆይበት ፎቅ ይኖረዋል። ደላሎችም ቢሆኑ ሱቅ ሲያሳዩ ጄኔሬተር፣ ሊፍትና ፓርኪንግ እንደሚጠሩት ሁሉ የጭስ መውጫ መኖሩን መጥራት ቢጀምሩ፣ ገበያው ለነገሩ ዋጋ መስጠት ይጀምራል። ስም የሌለው ነገር ዋጋ የለውም።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ጤናና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያዛል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ይቆጥረዋል። በትንንሽ ሱቆች ረዳቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በቃል ነው፤ አንዳንዴም ዘመድ ነው። ነገር ግን በወረቀት ተቀጠረ በቃል፣ ሳንባው አንድ ነው።

"እኛ ምን ሆንን?"

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ የታወቀ ነው። "ሃያ ዓመት ሠርተናል፣ እኛ ምን ሆንን?" ይላሉ የቆዩት። መልሱ መከበር ያለበትን ያህል ይከበር እንጂ ስሌቱ ጎዶሎ ነው። ሃያ ዓመት የሠራው ሰው የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። በሦስተኛው ዓመት ደረቱ ታፍኖ ሙያውን ትቶ የሄደው ልጅ ዛሬ በዚያ ፎቅ ላይ የለም። ታክሲ ላይ ወይም ሌላ ሱቅ ውስጥ ነው፤ የሚጠይቀውም የለም። ገበያ ውስጥ የቀሩትን ብቻ ቆጥሮ ገበያው አይጎዳም ማለት፣ የከሰሩትን ትቶ የከበሩትን ብቻ ቆጥሮ ንግድ ሁሉ ያተርፋል እንደማለት ነው። ነጋዴ ይህን ስሌት በገንዘቡ ላይ አይቀበለውም። በረዳቱ ሳንባ ላይም ሊቀበለው አይገባም።

ሁሉም ሰው ጭሱ ያው አስም ያስይዘዋል የሚል የለም። ብዙዎች ሳይታመሙ ይኖራሉ። ግን ማን እንደሚታመም አስቀድሞ አይታወቅም። ማን እንደሚደርስበት የማይታወቅ፣ ከደረሰ ግን የማይመለስ ጉዳትን ለመከላከል በቀን ጥቂት ብር መክፈል በንግድ ቋንቋ ኢንሹራንስ ይባላል። መኪናውን ያለ ኢንሹራንስ ከግቢ የማያስወጣ ባለሱቅ ለዋናው ካፒታሉ ይህን ነስቶታል።

ስለዚህ ሥራው ሦስት ቦታ ይከፈላል። ጠጋኙ አሮጌ ማራገቢያ ፈልጎ አፉን ከካውያው 5 ሴንቲ ሜትር ያስጠጋ፤ ምሳ ሲደርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ። አምራችና አስመጪው በስፖንጅ መነገዱን ትቶ የሚፈተን ዕቃ ያቅርብ። ባለሕንፃው ደግሞ የሚቀጥለውን ፎቅ ከመከፋፈሉ በፊት ለጭሱ መስመር ይተው። ከሦስቱ የመጀመሪያው የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ በዚህ ሳምንት ሊጀመር ይችላል። ሦስተኛው እስኪመጣ ድረስ ግን ረዳቱ በሩን ልክፈተው እያለ መጠየቁ አይቀርም፤ ባለሱቁም ተወው ማለቱ አይቀርም።